ቢሻው የጨመራቸው ሁለት ስንኞች

አዝማሪ ቢሻው ሠርግ ሲጠራ ብቻውን ሄዶ አያውቅም ነበር። ሚስቱ ባንቺአየሁ አብራው ትሄዳለች። እሱ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ማሲንቆውን ሲቃኝ እሷ ወደ ጓዳ ትገባና ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት እየላጠች ወሬ ትለቅማለች። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን በምን ቢወደስ እንደሚወድ፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ፣ በማን ፊት የማን ስም እንደማይነሳ ትጠይቃለች። ከዚያ ጠጋ ትለውና በጆሮው፣ «ያ ምሰሶው ሥር ያለው ጎበዝ አራሽ ነው፤ በበሬዎቹ አወድሰው። ከጎኑ ያለችዋን ግን ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ የትዳር ነገር እንዳታነሳ» ትለዋለች። አገሬው፣ ቢሻው የሰው ሆድ ያውቃል ይል ነበር። የሰው ሆድ የምታውቀው ባንቺአየሁ ነበረች። እሱ የሚያውቀው ቤት መምታት ነው።

ደርግ ከመጣ ስምንት ዘጠኝ ዓመት በሆነው በዚያ ጥር ግን ባንቺአየሁ ቀረች። ቀበሌው የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ የቀረች ሴት የስኳር ተራዋ ይዘለላል ተብሏል። ቤታቸው ጎንደር ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው። ቢሻው ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከቀበሌ ያወጣውን የይለፍ ወረቀት ኪሱ ከትቶ ሲወጣ እስከ በር ሸኘችው።

«ብቻህን ይሆንልሃል?» አለችው።

«ምነው፣ እኔ አፍ የለኝም?»

«አፍማ አለህ። እኔስ የፈራሁት እሱን ነው።»

ተሳሳቁና ተለያዩ።

ሠርጉ ከአምባ ጊዮርጊስ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነበር። ቢሻው ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠላ የሚቀዳውን ሰው ይዞ ስም መልቀም ጀመረ። ሰውየው ከእንግዶቹ ቀድሞ ሞቅ ብሎታል። ቢሻውም የጠየቀው ባንቺአየሁ የምትጠይቀውን ሳይሆን ለግጥም የሚመቸውን ብቻ ነበር፤ የማን በሬ ሸጋ ነው፣ የማን አዝመራ ያዘ፣ ማን ጠመንጃ አለው።

በዚያ ዘመን አዝማሪ አፉን የሚፈታው በአብዮቱ ውዳሴ ነበርና፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ተደላድሎ እስኪቀመጥ ጠብቆ ስለ መሬት ላራሹ ሁለት ሦስት ግጥም ጣለ። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። ሌላው ሰው ጠላውን ጠጣ። ይህ ካለፈ በኋላ የሙሽራው አጎት አያ ዋኘው ዋንጫቸውን ከፍ አደረጉ።

«ተቀበል አዝማሪ!»

«አቤት አያ!»

«የአድማሴን ነገር እንዴት ብዬ ላውራው፣
ጎተራው ሙሉ ነው ሸጋ ነው አዝመራው።»

እንግዳ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪ ቃሉን ሳያጓድል በዜማ ይደግመዋል። ክፉም ሆነ ደግ፣ ነገሩ የሰጪው ነው፤ አዝማሪው ጉሮሮውን ነው ያዋሰው። ቢሻውም ተቀብሎ ደገመው። አድማሴ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ከገበሬ ማኅበሩ ሚሊሻዎች አንዱ በመሆኑ ጠመንጃውን በጉልበቱ መሃል አቁሞ ተቀምጧል። አንገቱን ደፋ አድርጎ በምስጋና ፈገግ አለ። ሰዉ ለይሉኝታ ያህል «አሹ» አለና ወደ ወሬው ተመለሰ።

ይህ ለቢሻው የሚቻል ነገር አልነበረም። አባቱ በትልልቅ ሰዎች ደጅ ያዜሙ የነበሩ አዝማሪ ናቸው፤ የጀግና ስም ሲያነሱ የሰው ጸጉር ይቆም ነበር ይባላል። «ማሳቁን ለቀላጅ ተወው፤ አንተ ሰው አጥንት ውስጥ ግባ» ብለውት ነው የሞቱት። የአያ ዋኘው ግጥም ጨው የጎደለው ወጥ ሆነበት። ጠላ ቀጂው ስለ አድማሴ የነገረው አንድ ነገር ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ በድንበር ጠብ ተገድሏል። መቼ? ቢሻው አልጠየቀም። ገዳዩስ የት ነው? አልጠየቀም። አሁን ግን ጣቱ ገመዱ ላይ እንዳለ ሁለት ስንኝ ተያይዘው መጡለት። ማንም አልሰጠውም፤ የራሱ ናቸው።

«ገብሱን አጨደና ስንዴውን ከመረው፣
የወንድሙን ደም ግን ሜዳ አሳደረው።»

ከዚያ ከኋላ በኩል ጎረምሶቹ «እሰይ!» ብለው ፈነዱ። አንዱ ደገመው፤ ሁለት ሦስቱ ተከተሉት። ቢሻው ጀርባውን ቀዝቃዛ ነገር ሲወርደው ተሰማው፤ አባቱ ያሉት ይህ ነው ብሎ ደስ አለው። ደስታው አድማሴ ብድግ እስኪል ብቻ ቆየ።

አድማሴ አልተቆጣም። ቀስ ብሎ መጣና አንድ ብር አውጥቶ ቢሻው ግንባር ላይ ለጠፈለት።

«ሸጋ አልህ፣ አያ ቢሻው» አለው። «እስካሁን ከጀርባዬ ነበር የሚያሙኝ። በአደባባይ የነገርኸኝ አንተ ነህ።»

ጠመንጃውን አንግቶ ሥጋው ሳይቀርብ ወጣ። በዚያ በወገራ አገር አሽሙር የተጣለበት ሰው ቢሳደብ ይሻላል፤ ቢማታም ይሻላል። ከሸለመ ግን ነገሩን ተቀብሎታል ማለት ነው። ቢሻው ይህን ያውቃል። ብሩ ከግንባሩ ወድቆ ጉልበቱ ላይ ሲያርፍ እጁን ሰዶ አላነሳውም።

ዳሱ ጀርባ አንዲት ሽማግሌ ሴት ደረሱበት። የአድማሴ እናት እማማ አየለች ነበሩ።

«ምነው ልጄ? ምን አድርጌህ ነው?»

«እማማ፣ ግጥም እኮ የሰጪው ነው…»

«የዋኘውን ሰምቻለሁ። ስለ ጎተራው ነው ያለ። ሁለተኛው ያንተ ነው።»

ቢሻው ማሲንቆውን በጨርቁ መጠቅለል ያዘ።

«አንዱን ቀብሬያለሁ» አሉ። «ውዱ ይባል ነበር። የገደለው በላቸው እስሩን ጨርሶ መስከረም ላይ ወጣ። አሁን ኮሶዬ ተቀምጧል፤ እዚህ ሆነህ ጢሱ ይታይሃል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ደሙ ከፋሲካ በኋላ እንዲደርቅ ተነጋግረን ነበር። አድማሴ እሺ ሊል አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ሰው ሁሉ ስላላነሳበት ነው የቻለው። አንተ አነሳህበት።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እሱን ቢገድል እሱንም መንግሥት ይረሽነዋል። ሁለተኛውንም ልታስቀብረኝ ነው የመጣህ?»

በማግሥቱ አውቶቡሱ ኮሶዬ ላይ ለቁርስ ሲቆም ቢሻው አልወረደም። በመስኮት እያየ፣ ከምግብ ቤቶቹ ደጅ የቆሙትን ወንዶች አንድ በአንድ መረመረ። ይሄ ይሆን በላቸው? ወይስ ያ አህያ የሚጭነው? ማናቸውንም አያውቅም። ከማናቸውም ጋር ጠብ የለውም። ሰው አላየኝም ብሎ ማሲንቆውን ወንበሩ ሥር ገፋው።

«እንዴት ነበር?» አለችው ባንቺአየሁ።

«ሸጋ ነበር» አለና ጋደም አለ። እንቅልፍ ግን አልወሰደውም። ሲቀመጥ መነሳት፣ ሲነሳ መውጣት፣ ሲወጣ መመለስ ያምረዋል። ምግብ ቀርቦለት በጣቱ እየነካካ ይተወዋል። ባንቺአየሁ፣ ሆዱን አሞት ይሆናል ብላ ፌጦ በጠበጠችለት።

ነገሩ የወጣው በሳምንቱ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደሚሠሩበት ጠጅ ቤት ገና እንደገቡ አንድ የገብስ ነጋዴ ብርሌውን ከፍ አድርጎ፣ «መጣ! ያችን የአምባ ጊዮርጊሷን በልልን!» አለው።

«የትኛዋን?» አለች ባንቺአየሁ።

ነጋዴው ማሲንቆም አልጠበቀ፤ ራሱ አወረዳት። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ያውቋት ነበርና አጀቡት። ባንቺአየሁ ባሏን አየችው። ፌጦ ያስበጠበጣት ሕመም ምን እንደሆነ ያኔ እንደገባት ቢሻው ከዓይኗ አወቀ። ጎትታ ወደ ጓሮ አወጣችው።

«ሰውየው እዚያው ተቀምጦ ነበር?»

«ነበር።»

«ገዳዩስ ሞቷል?»

«ኮሶዬ ነው።»

«ኮሶዬ! አንተ ሰውዬ፣ እኔ ለስኳር ብዬ አንድ ቀን ብቀር ሰው አስገደልህ?»

«አልሞተም እኮ!»

«እስካሁን።»

«ባንቺ፣ እኔ ምን ላድርግ? ጥሩ ሆኖ መጣልኝ።»

«ጥሩ መሆኑማ ነው የጨረሰን። መጥፎ ቢሆን ማን ያስታውሰው ነበር?»

ተመልሰው ሲገቡ ቢሻው አልዘፍናትም አለ። ለምንም አልጠቀመ። ጠጪው ጠረጴዛ እየደበደበ ራሱ ዘፈናት። ባለ ቤቱ ደስ ብሎት እየተዘዋወረ ይቀዳል። ቢሻው የዕድሜውን ግማሽ ሰው ግጥሙን እንዲይዝለት ሲለፋ ኖሮ፣ ዛሬ በያዘለት ቀን ጆሮውን ቢደፍን ወደደ።

ለሊቀመንበሩ ልናገር ይሆን ብሎ አሰበ። ባንቺአየሁ ሰምታ ደነገጠች። «ነግረህ? ሚሊሻ ሆኖ በመንግሥት ጠመንጃ ደም ሊመልስ ነው ስትላቸው አድማሴን ወስደው ይመልሱታል? አንዱን አድናለሁ ብለህ ሌላውን ልትበላው ነው?» አለችው። ለካስ ለማንም የማይነገር ነገር ነው። ራሱ ሄዶ ይቅርታ ከመለመን በቀር መንገድ አላገኘም። የዐቢይ ጾም መግቢያ ቀርቦ ስለነበር፣ ለቅበላ ድግስ ተጠርቻለሁ ብሎ የይለፍ ወረቀት አወጣ።

የአድማሴ ግቢ አጥር ዝቅ ያለ ነበር። ቢሻው «ቤቶች!» ብሎ አንድ እግሩን እንዳስገባ ከገለባው ክምር ሥር አንድ ነገር እየጮኸ መጣበት። ቢሻው ከልጅነቱ ጀምሮ ውሻ ይፈራል። ይሄ ትልቅ ይሁን ትንሽ ለማየት ጊዜ አልነበረውም። አጥሩ ጥግ የቆመ ወይራ ነበር፤ እንዴት እንደወጣ አያውቅም፤ ሲነቃ ቅርንጫፍ ታቅፎ ተቀምጧል። ኮቱ ብብቱ ሥር ተተርትሯል። ማሲንቆው ከጀርባው ተንጠልጥሎ ያለ ገመድ መቺ ያንጎራጉራል። ከታች አንድ ቡችላ፣ ጆሮው ገና ያልቆመ፣ ወደ ላይ እያየ ይጮሃል።

እማማ አየለች ከቤት ወጡ። አዩት። ሊቆጡት አፋቸውን ከፍተው ሳለ ሳቅ ቀደማቸው። ሆዳቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የጎረቤት ሴቶችም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። አድማሴ ከቤቱ ጀርባ መጣ። የጠመንጃውን መወልወያ ጨርቅ ይዟል፤ ጣቶቹ በዘይት ወዝተዋል። እሱ አልሳቀም።

«ውረድ፣ አያ ቢሻው። አይነክስም።»

«መጀመሪያ ያዘው!»

«ጥርስ እንኳን ያላበቀለ ነው።»

«ያዘው ብያለሁ!»

አድማሴ ቡችላውን በማጅራቱ አንጠልጥሎ ለእናቱ ሰጠ። ቢሻው ወርዶ ኮቱን እያራገፈ፣ ከጎንደር ጀምሮ ሲያጠናው የመጣውን ቃል ሁሉ ረሳው።

«ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁ።»

«ምን በድለኸኝ? ውሸት ተናገርህ?»

«ውሸትማ…»

«እንግዲህ እውነት ከሆነ ምኑን ይቅር እልሃለሁ?»

«ግጥም እኮ ነው፣ አድማሴ። ቤት እንዲመታ ብዬ ነው።»

«መታ» አለ አድማሴ። «የኔን ቤት።»

ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ጨርቁን እያጣጠፈ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ልጆች ያንጎራጉሩታል። ወፍጮ ቤት ስሄድ ሴቶቹ ሲያዩኝ ያቆማሉ፤ ሲያቆሙት ይብሳል። ወንድሜን እንደምወደው ሁሉ ሽማግሌዎቹንም እወዳቸዋለሁ፤ እናቴንም። ግን ጾሙ ሊገባ ነው። ዘፈን ይቆማል። ሰው ሁሉ ያችን የመጨረሻዋን ይዞ ጾም ይገባል፤ እስከ ፋሲካ ሆዱ ውስጥ ያስቀምጣታል። እኔ እዚያ ውስጥ ተቀምጬ ፋሲካን አላይም። ከቅበላው ማግሥት ሄጄ እገላገላለሁ።»

ቢሻው እግሩ ሥር ሊወድቅ ጎንበስ አለ። አድማሴ ግን ተነስቶ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደ። እማማ አየለች ቡችላውን እንዳቀፉ እስከ አጥሩ ሸኙት፤ ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፍቷል። «በየማለዳው የኮሶዬን መንገድ ነው የሚያየው» አሉት ዝቅ ብለው።

ከቅበላው ገበያ በፊት የቀረው ጊዜ አጭር ነበር። ቢሻው ሌላ ግጥም አበጅቼ ያችን አስረሳለሁ ብሎ ተነሳ። ጠጅ ቤት ገብቶ፣ በዚያው ዜማ፣

«ይቅር መባባል ነው የትልቅ ሰው ሥራ፣
ጠብ ቂሙን እንተው እንኑር በጋራ»

አለ። ሰዉ ወደ ብርሌው ተመለሰ። የገብስ ነጋዴው፣ «ምነው ቢሻው፣ ይሄማ የቀበሌ ስብሰባ መሰለ» አለና ያችኛዋን አንጎራጎረ።

ቤት ሲገቡ ባንቺአየሁ የተተረተረውን ኮት አንስታ፣ «ይሄስ ምን ገጠመው?» አለች። እስካሁን የውሻውን ነገር ደብቋት ነበር። ሲነግራት መጀመሪያ በጥሞና ሰማች። «ዛፍ ላይ» ሲል ከንፈሯን ነከሰች። «ጥርስ ያላበቀለ» ሲል መርፌውን ጥላ አልጋው ላይ ተንከባለለች።

«ምን ያስቅሻል? ሰው ሊሞት ነው!»

«አንተ… ማሲንቆውን አዝለህ… ወይኔ!» እንባዋን ጠረገች። «ይሄን ብትዘፍነው አገር ይዘፍንልህ ነበር።»

ቢሻው ፊቱ ጠቆረ። በሩን ገፍቶ ወጣ። ሽቅብ እስከ ምንትዋብ ግንብ ፍራሽ ወጣ፤ ወረደ፤ እንደገና ወጣ። ባንቺአየሁ የቀለደችው ቀልድ አልለቀው አለ። ሰው ግደል የሚል ዘፈን የሚፈራው ዘፋኙ ሲከበር ነው። ዘፋኙ ከተሳቀበትስ? ሰው ያችን ግጥም ባነሳ ቁጥር ዛፉ ላይ የተሰቀለው አዝማሪ ቢታወሰው፣ ማን ደፍሮ በሷ ይገድላል? ይህን አየው። ግን አባቱንም አያቸው። ወገራ ውስጥ የጀግና ስም ሲጠራ ጸጉር የሚያቆመው የእከሌ ልጅ መባሉ ያበቃል። ከዚህ ወዲያ የሚጠሩት ሊስቁበት ይሆናል። ይህን ለማን ብዬ ነው? ለማላውቀው በላቸው? ግንቡን በመዳፉ እየደባበሰ ቆመ። የእማማ አየለች «ሁለተኛውንም» ያሉት ቃል ግን አልለቀቀውም።

ተመልሶ ገባና ሚስቱ ፊት ተቀመጠ።

«ድገሚልኝ።»

«ምኑን?»

«የሳቅሽውን። ምኑ ላይ ነው የሳቅሽው? ዛፉ ላይ ነው፣ ጥርሱ ላይ?»

ባንቺአየሁ አሁን አልሳቀችም። «ዛፉ ላይ» አለች። «ጥርሱንማ አያስፈልግም። ዛፉ ይበቃል።»

የቅበላው ገበያ ቀን አብረው ሄዱ። አምባ ጊዮርጊስ ሰው ዳግመኛ የማይበላ የማይጠጣ ያስመስል ነበር፤ በግ የሚነዳው፣ ቅቤ የተሸከመው፣ ከጾሙ በፊት ሊጠግብ የመጣው ሁሉ ይጋፋል። ባንቺአየሁ ወደ ጨው ሻጮቹ ሄዳ ተመለሰች። «መጥቷል» አለችው። «ከአያ ዋኘው ጋር ቆሟል። ጠመንጃውን ይዟል።»

ቢሻው ማሲንቆውን አወጣ። ያችኑ ዜማ ጀመረ። ሰው ዜማውን ሲሰማ ተሰበሰበ፤ ጎረምሶቹ ገና ስንኙ ሳይመጣ አፋቸውን ከፈቱ። በትከሻቸው መሃል የአድማሴ ፊት ታየው፤ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ቢሻው ዓይኑን ጨፈነ።

«ቢሻው ሰውን አዞ ተነስና ግደል ሲል፣
ታየ ቡችላ ሸሽቶ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል።»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ባንቺአየሁ ተቀበለችና ስንኙ ሲያልቅ በዜማው ላይ እንደ ቡችላ ጮኸችበት። አንዲት የአድማሴ ጎረቤት ከሴቶቹ መሃል፣ «እውነት ነው፣ በዓይኔ ነው ያየሁት! ማሲንቆው ጀርባው ላይ ነበር!» ብላ ጮኸች። ያኔ ገበያው ተነቃነቀ። አያ ዋኘው ዱላቸውን መሬት እየመቱ፣ «ድገም! ድገም አዝማሪ!» ይላሉ። ደገመ። በሦስተኛው ሕዝቡ ወሰደው፤ ሴቱም ወንዱም እየጮኸ ያጅባል። ቢሻው ዓይኑን ገልጦ አየ። ሰው በሱ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ፊቱ ሁሉ ይነድዳል። ቀስቱን ግን አላቆመም።

አድማሴ ሰዉን ገፍቶ ፊቱ መጣ። ጩኸቱ ላላ አለ።

«ምን አደረግኸኝ?» አለው። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር። «ነገ ልጨርሰው ነበር። አሁን ብሄድ ምን ይሉኛል? የቡችላው አዝማሪ ልኮት ነው ይሉኛል።»

«ይሉሃል» አለ ቢሻው።

«ወንድሜን መሳቂያ አደረግኸው!»

«እሱን አልነካሁም። እኔን ነው።»

አድማሴ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰ። ዞር ሲል አንዱ ሕፃን «ው! ው!» አለና ሰው እንደገና በሳቅ ፈረሰ። አድማሴ ትከሻው አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ይሳቅ ያልቅስ ቢሻው ለይቶ አላወቀም። የኮሶዬን መንገድ ትቶ በቤቱ መንገድ ሽቅብ ሄደ።

ጾም ገባ። ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ቢሻው ግን ዕረፍት አላገኘም። አድማሴ በቤቱ መንገድ ሄደ ማለት በሌላ ቀን አይሄድም ማለት አይደለም። ቢሻው በየማለዳው መናኸሪያ ወርዶ ከደባርቅ መስመር የሚመጣውን አውቶቡስ ይጠብቃል። ከኮሶዬ የመጣ መንገደኛ ሲያገኝ፣ «ምን ወሬ አለ? ሰው ደህና ነው?» ይላል። «ደህና ነው፤ ምን ይሆናል?» ይሉታል። አንዳንዱ ያውቀውና «ው! ው!» ይለዋል። ልጆቹ ቁስቋም ድረስ ተምረውት ነበር። ጎረቤቱ እንኳን ሰላምታ ሲሰጠው ከንፈሩን ይነክሳል። ባንቺአየሁ አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱን በጆሮው ይዛ ስታመጣ ቢሻው፣ «ልቀቂው» አላት። «ይጩህ። እነሱ ሲጮሁ ያችኛዋ አትዘፈንም።»

ከፋሲካ በኋላ ያ የገብስ ነጋዴ መልእክት ይዞ መጣ። የአድማሴ ነበር። የደም ማድረቂያው ቀን ተቆርጧል፤ «አዝማሪው ይምጣ፤ ማሲንቆው ግን ይቅር» ብሏል።

ሄዱ። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ባለው ሜዳ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ቄሱ መስቀል ይዘዋል። ቢሻው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ ደረቱ ላይ ያጣምረዋል። በላቸውን ያኔ ነው ያየው። እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ ጠጉሩ ሸብቷል፤ እግሩ የተሰነጣጠቀ ነው። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ቀስ እያለ መጣና ከአድማሴ እግር ሥር ተደፋ። «ስለ እግዚአብሔር» አለ።

አድማሴ ድንጋዩን አላነሳለትም። እማማ አየለች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ነፋሱ ገብሱን ወዲያና ወዲህ ይለዋል። የበላቸው ክንድ ከድንጋዩ ክብደት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አድማሴ አሁንም እጁን አልዘረጋም።

በዚያች ጸጥታ ውስጥ ለቢሻው ግጥም መጣለት። ሁለት ስንኝ። ስለ ድንጋዩና ስለ ገብሱ፤ ስለ እናቲቱ። ቤቱ የመታ፣ ያልተጨናነቀ፣ በዕድሜው ከመጡለት ሁሉ የበለጠ ነበር። ቢያወጣው ይህ ሁሉ ሕዝብ ያለቅስ ነበር። ምናልባት የአድማሴን እጅ ያነሳው ነበር። ምናልባትም ያወርደው ነበር፤ የትኛውን እንደሆነ አላወቀም። ምላሱን በጥርሱ ያዘ።

አድማሴ ማንም ምንም ሳይለው ጎንበስ አለና ድንጋዩን በሁለት እጁ አንስቶ ሣሩ ላይ አኖረው። «ይቅር ለእግዜር» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል በጣም ዝቅ ብሎ። እማማ አየለች እልል አላሉም። ልጃቸው አጠገብ መጥተው ቆሙ፤ ያ ብቻ።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ባንቺአየሁ በክርኗ ነካችው።

«መጥቶልህ ነበር፣ አይደል?»

«ምኑ?»

«አውቅሃለሁ እኮ። ከንፈርህ ተንቀሳቅሷል።»

«መጥቶ ነበር።»

«እስቲ በለኝ። ለኔ ብቻ። ማን ይሰማናል?»

ቢሻው ዙሪያውን አየ። ፊት ለፊት ሁለት ወታደሮች ያንቀላፋሉ፤ ከኋላ አንዲት ሴት ዶሮ ታቅፋለች። ግጥሙ ደረቱ ውስጥ ይገላበጣል፤ እንኳን ሊረሳው ስንኙ እያደር እየጠራ ነው። አፉን ከፈተ።

«አልነግርሽም» አላትና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበው። ጎንደር እስኪገቡ ድረስ ግን ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ሲንቀሳቀሱ ባንቺአየሁ ታያቸው ነበር፤ አልያዘቻቸውም።